ከሳልቫዶሮች የለቀምኩት ስፓኒሽ ባርሴሎና ያዛልቀኛል ወይስ ካታላን ልጀምር?

የድሬ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት አቦ።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ስምንት ዓመት ሆቴል ውስጥ ሀውስኪፒንግ ሠርቻለሁ። በእኛ ፈረቃ ካለነው አሥራ ሁለት ሴቶች ዘጠኙ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ናቸው፤ ከዘጠኙ አራቱ ደግሞ ኢንቲፑካ ከምትባል አንዲት ከተማ የመጡ፤ ጓደኛዬ ሮሳ አንዷ ናት። ዲሲ አካባቢ የቆየ ሰው ስሟን ሳይሰማ አይቀርም። ከአገራቸው የእርስ በርስ ጦርነት በፊትም በጦርነቱም ጊዜ ዘመድ ዘመዱን እየጠራ ወደዚህ የነቀለባት ከተማ ናት።

እና ስፓኒሽ ክፍል ገብቼ አልተማርኩም። አንሶላ ጫፍና ጫፍ ይዘን ስናጥፍ፣ ጋሪ ስንገፋ፣ ምሳ ሰዓት እንጀራ በፑፑሳ ስንለዋወጥ ነው የገባኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከእንግሊዝኛ ቀድሞ አፌን የፈታው እሱ ነው። ለድሬ ልጅ ይሄ ብርቅ አይደለም። ቀፊራ ያደገ ሰው ቲማቲም በኦሮምኛ ገዝቶ፣ ጨርቅ በሶማልኛ ተከራክሮ፣ በአማርኛ ተሳድቦ ቤቱ ይገባል።

አሁን የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ወደ ባርሴሎና አዛውሮታል። ነሐሴ ላይ ከሁለት ልጆቻችን ጋር እንሄዳለን፤ ትልቁ ዘጠኝ፣ ትንሿ አምስት ዓመት። ዜናውን እንደሰማሁ «ስፓኒሽ የእኔ ነው፣ እኔ ከፊት እናንተ ከኋላ» ብዬ ስፎክር ከረምኩ።

ፉከራው የቆመው ባለፈው ወር ሆቴሉ ኮሪደር ላይ ነው። አንዲት እናት ከነልጇ ከክፍል ወጣች፣ ከማድሪድ ናት። ልጁ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጋሪዬ ላይ የተደረደሩትን ትንንሽ ሳሙናዎች አንድ በአንድ እየነካ ይቆጥራል። እኔም የልቤን «ኬ ሊንዶ ኤል ሲፖቴ!» አልኳት። እነሮሳ ጋ ሲፖቴ ማለት ልጅ፣ ማሙሽ ማለት ነው። «ሲፖቴዎቹ እንዴት አደሩ?» ሳንባባል ሥራ አንጀምርም። ሴትየዋ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ልጁን ሳብ አድርጋ ከኋላዋ አቆመችው። ከዚያ መለስ ብላ አየችኝና ሳቋ አመለጣት፤ ግድግዳ ተደግፋ ነው የሳቀችው። ለካ ስፔን ውስጥ ሲፖቴ ማለት የወንድ... እናንተው ሙሉት። ባለጌ የሚጠራበት ስሙ ነው። «እንዴት ያምራል!» ብዬ ያደነቅኩት እሱን ነው እንግዲህ።

ሲበርድልን «ባርሴሎና ልንሄድ ነው» ስላት፣ «እሱማ ሌላ ነው፣ እዚያ ትምህርት ቤቱ በካታላን ነው» አለችኝ። አላመንኳትም። በሳምንቱ የልጆቹ መመዝገቢያ ቅጽ በኢሜይል መጣ። የመጀመሪያው መስመር «ኖም ኢ ኮግኖምስ» ይላል። እኔ የማውቀው «ኖምብሬ ኢ አፔዪዶስ» የሚለውን ነው። ኮግኖምስ! በአማርኛ ፊደል ስጽፈው እንኳ የሚቆነጥጥ ነገር ይመስላል።

እዚህ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሱፐርቫይዘራችን እኔና ሮሳ በስፓኒሽ ስናወራ በሰማ ቁጥር «ኢንግሊሽ፣ ሌዲስ» ይለናል። በማርች 2025 እንግሊዝኛን የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ የሚያደርገው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ከወጣ ወዲህ ብሶበታል። (እሱ ራሱ ለእናቱ ሲደውል በታጋሎግ ነው።) ድልድዩን ተሻግሬ ዲሲ ስገባ ግን የከተማው መሥሪያ ቤት ወረቀቱን በአማርኛ ይሰጠኛል፤ ከ2004 ጀምሮ ሕግ አላቸው። አንድ ወንዝ ነው የሚለያየው።

እና ንገሩኝ። የለመድኩትን ስፓኒሽ ትቼ የስፔኑን እንደ አዲስ ልማር? ወይስ ጊዜዬን ካታላን ላይ ላጥፋ? እዚያ ያለ ሰው ከእኔ የሚጠብቀው የትኛውን ነው?

ማታ ፓርኪንግ

እህቴ፣ ነገሩን አታወሳስቢው። ሰው የሄደበትን አገር ቋንቋ ይናገራል። ስፔን ከሄድሽ ስፓኒሽ። አበቃ። ካታላን የምትይው የክፍለ ሀገር ቋንቋ ነው፤ ለእሱ ብለሽ ራስሽን አታድክሚ። እኔ አርሊንግተን አሥራ አራት ዓመት ፓርኪንግ ስሠራ «ፓርኬዮ»፣ «ዬኖ» እና «ማኛና» በምትል ሦስት ቃል ከአሚጎዎቹ ጋር ተግባብቼ ኖሬያለሁ። ሱፐርቫይዘርሽም አልተሳሳተም። አገር ቤትስ ቢሆን ፈረንጅ አሥር ዓመት ኖሮ አማርኛ ካልቻለ ምን እንላለን?

የድሬ ልጅ

እኛ ሰፈር የነበረው ግሪካዊ ነጋዴ አማርኛው ሰባራ ነበር፣ ኦሮምኛው ግን እንደ ውኃ። ማንም ምንም አላለውም። «አበቃ» ላልከው፣ ገና መጀመሩ ነው ወንድሜ።

ከኩዌት ባርሴሎና

የድሬ ልጅ፣ በቅድሚያ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ እዚህ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ኩዌት ሰው ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን የምለው በኋላ ለምነግርሽ ታሪክ ስለሚያስፈልግ ነው።

የፓርኪንጉ ወንድማችን፣ «የክፍለ ሀገር ቋንቋ» የሚለውን እዚህ መጥተህ ጮክ ብለህ እንዳትለው። አንዶራ የምትባለው ትንሽ አገር ብቸኛ ኦፊሴላዊ ቋንቋዋ ካታላን ነው። ካታሎኒያ ውስጥ ደግሞ ከካስቴያኖ እኩል ኦፊሴላዊ ነው። እዚህ «ስፓኒሽ» ከማለት «ካስቴያኖ» ማለትን ልመጂ፤ ሁለቱም የስፔን ቋንቋ ነው ብለው የሚቆጡ አሉ።

ልጆችሽ የሚማሩት በካታላን ነው። ከ1983ቱ የቋንቋ ሕግ ወዲህ የትምህርት ቤቱ ዋና ቋንቋ እሱ ነው። ካስቴያኖ እንደ ትምህርት ይሰጣል፤ ፍርድ ቤቱም ፓርላማውም «ምን ያህል መቶኛ ይሁን» እያሉ ዓመታት ሲካሰሱበት ኖረዋል፣ እሱን ለእነሱ ተዪው። አዲስ ለመጡ ልጆች «አውላ ዳኩዪዳ» የሚባል ክፍል አለ፤ ከቀኑ የተወሰነ ሰዓት ለብቻቸው ቋንቋውን ይማራሉ። አትፍሪላቸው። የእኔዋ ልጅ ዛሬ በእንቅልፏ የምታወራው በካታላን ነው።

የሚያስፈራው ለአንቺ ነው። ላውራሽ።

የምንከባከባት አሮጊት ግራሲያ ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ በ1934 የተወለደች ናት። መጀመሪያ አምስት ዓመት በካስቴያኖ ነበር የምናወራው። ትሑት ሴት ናት፤ እኔን ስታይ ራሷ ቋንቋውን ትቀይርልኛለች። አንድ ቀን የገበያ ዝርዝር ስትጽፍ አየኋት። ከልጆቿ ጋር በካታላን እየተሟገተች ዝርዝሩን በካስቴያኖ ነው የምትጽፈው። «ለምን?» ስላት፣ «የእናቴን ቋንቋ ጽሑፍ ማን አስተማረኝ?» አለችኝ። የስፔኑ አምባገነን ፍራንኮ ከ1939 ጀምሮ ሲገዛ ትምህርት ቤቱ በሙሉ በካስቴያኖ ነበር። በካታላን ያወራ ልጅ «እንደ ክርስቲያን ተናገር!» ይባል ነበር አሉ። ክርስቲያን ማለት ካስቴያኖ ማለት መሆኑ ነው።

ከዚያ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ቀን፣ ቀጥሎ ቋንቋ። ትምህርት ቤት የለበሰችው ካስቴያኖ ቀስ በቀስ ወለቀና ከእናቷ ጡት የጠባችው ብቻ ቀረ። አንድ ሌሊት «ኤል ጎት! ኤል ጎት!» እያለች ጠራችኝ። በካስቴያኖ ድመት ጋቶ ነው። ድመት ገባ ብዬ አልጋ ሥር በስልኬ መብራት ስፈልግ፣ እሷ ታለቅሳለች። ጎት ለካ ብርጭቆ ነው። ውኃ ጠምቷት ነው። ድመቱ ጋት ነው፤ በአንዲት ፊደል ይለያያሉ።

በነጋታው ሄጄ ተመዘገብኩ። መንግሥት የሚደግፈው የካታላን ማስተማሪያ ተቋም በየሰፈሩ አለ፤ መነሻው ደረጃ በነፃ ነው። ከዚያ ሌላ ከአንድ የቋንቋው ተናጋሪ ጋር ያጣምሩሻል፤ አሥር ሰዓት ያህል ቡና እየጠጣችሁ ማውራት ብቻ ነው ሥራችሁ። የእኔው ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሹፌር ነበር። ስለ እግር ኳስ ብቻ ስለሚያወራ ዛሬም «ከጨዋታ ውጪ»ን ከ«ይቅርታ አድርጊልኝ» ይልቅ አቀላጥፌ እላለሁ።

የሚያናድደውን ልንገርሽ ደግሞ። ዳቦ ቤት ገብቼ በሚገባ «ቦን ዲያ፣ ኡን ፓ ዴ ፓዤስ፣ ሲ ኡስ ፕላው» እላለሁ። ልጅቷ ቀና ብላ ፊቴን ታያለች። «አልጎ ማስ?» ትለኛለች በካስቴያኖ። ክፋት አይደለም፣ ያገዘችኝ መስሏት ነው። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ በካስቴያኖ ስጀምር ደግሞ ሰውየው «እዚህ ስንት ዓመትሽ ነው?» ይለኛል። ብትናገሪም ፊትሽ፣ ባትናገሪም ዓመትሽ። በ2020 የቪክ ከተማ ከንቲባ በካታሎኒያ ፓርላማ ተነስታ «መልካቸው ወይም ስማቸው ካታላን ለማይመስል ሰዎች በካስቴያኖ የማናገር ልማድ ይቅር» ስትል አገሩ ተናወጠ። ግማሹ «ካታላን መልክ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ተቆጣ። እኔ ግን የዳቦ ቤቷን ልጅ እያሰብኩ፣ ነገሩስ እውነት ነው አልኩ፤ አባባሏ ነው የከፋው።

አሁን የኩዌቱ ታሪክ። ልጄ አንደኛ ክፍል እያለች ከትምህርት ቤት ወረቀት መጣ፤ ዓርብ ጉዞ አለ፣ «ኤስሞርዛር ኢ ዲናር» ይዛ ትምጣ ይላል። ካታላን ገና አልጀመርኩም። ኤስሞርዛርን አላወቅኩትም። ዲናርን ግን አራት ዓመት ደሞዜን የተቀበልኩበት አይደል? ወንጌሉም ላይ ደጉ ሳምራዊ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የሰጠው ሁለት ዲናር ነው። ሃያ ዩሮ በፖስታ አሽጌ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩ። ማታ ስትመጣ ፊቷ ተነፋፍቷል። ዲናር ምሳ ነው! ልጆቹ ሁሉ ከሳጥናቸው ሲበሉ እሷ ፖስታ ይዛ ቁጭ አለች። መምህሯ የራሷን ሳንድዊች ከፍላ ሰጥታታለች። ፖስታው እንዳልተከፈተ ተመለሰልኝ።

ስለዚህ መልሴ፦ ስፓኒሽሽን አትንኪው፣ ካታላን ግን ከነሐሴ በፊት ጀምሪ።

አንድ ነገር ረሳሁ፣ ዜግነት። ያንቺ ሮሳ እዚህ ብትመጣ በ2 ዓመት ሕጋዊ ኑሮ ማመልከት ትችላለች፤ የቋንቋ ፈተናም የለባትም፤ ስፓኒሽ የሚናገር የላቲን አሜሪካ አገር ዜጋ ናትና። አንቺ 10 ዓመት ትጠብቂና ካስቴያኖ ትፈተኛለሽ፤ ከ2015 ጀምሮ የወጣ ነው፣ ደረጃው ኤ2። ከዚያ ስለ አገሩ 25 ጥያቄ፣ 15 ካገኘሽ አለፍሽ። የካታላን ፈተና ለዜግነት የለም። ጎረቤት አንዱን ይጠብቅብሻል፣ መንግሥት ሌላውን ይፈትንሻል።

የድሬ ልጅ

ዲናር! ልጅቷ አሳዘነችኝ፣ እኔ ግን ባለቤቴን ቀስቅሼ ነው ያነበብኩለት። እና ሮሳ በ2 ዓመት፣ የሮሳ ተማሪ በ10 ዓመት? ነገ ሥራ ቦታ ስነግራት ወለሉ ላይ ትንከባለላለች።

ተርጓሚ ማድሪድ

ካታላንን ለሚያውቁት ልተውና ስለ ስፓኒሽሽ ልናገር፤ ሥራዬ ስለሆነ።

አታፍሪበት። የአንቺው «ቮስ»፣ አንተ ወይም አንቺ የምትዪበት፣ ከስፔን የሄደ ነው። በድሮ ዘመን እዚህ ለተከበረ ሰው የሚባል ነበር። ቀስ በቀስ ክብሩ ተሸርሽሮ ለእኩያና ለበታች ሆነ፤ ከዚያ ስፔን ጭራሽ ጣለችው፣ መካከለኛው አሜሪካና አርጀንቲና ግን ያዙት። አስቢው፤ አንቱ የነበረው ቃል ከጊዜ ብዛት አንተ ሲሆን። እዚህ ለጓደኛ «ቱ»፣ ለብዙ ጓደኞች «ቮሶትሮስ» ነው። «ቮስ ሳቤስ» ብትያቸው ይገባቸዋል፤ የሚገርማቸው ከማን እንደተማርሽው ነው።

ምላሳቸውን ጥርሳቸው መካከል አድርገው «ግራሲያስ» የሚሉትን ነገር መኮረጅ የለብሽም። ንጉሡ ኮልታፋ ስለነበረ ሕዝቡ ተከተለው የሚለውን ወሬ ከሰማሽ ተረት ነው። የአንዳሉሲያ ከፊሉና የካናሪ ደሴቶች እንደ አንቺው በ«ስ» ነው የሚሉት፤ ወደ አሜሪካም የተሻገረው የእነሱ አነጋገር ነው። ሳልቫዶሮች «ስ»ን ወደ «ህ» አድርገው የሚውጧትም ብትሆን ሴቪያ ላይ ማንንም አታስደንቅም።

ቃላት ላይ ግን ተጠንቀቂ። ሲፖቴን ተምረሻል። «ፒስቶ» አንቺ ጋ ገንዘብ ነው፤ እዚህ ቲማቲምና ዝኩኒ የተጠበሰበት ወጥ ነው፣ «ፒስቶ የለኝም» ብትዪ ሳህን ይዘው ይመጡልሻል። «ፍሬጋር» አንቺ ጋ ሰው መነዝነዝ ነው፤ እዚህ ወለል መወልወል ነው፣ በቀን አሥር ጊዜ ትሰሚዋለሽ። «ኮኼር» ደግሞ እነሮሳ ጋ የአልጋ ነገር ነው፣ ሮሳ ፊት የማትናገሪው ቃል፤ እዚህ ግን መያዝ፣ መውሰድ ነው፤ አውቶብስ «ይኮኸራል»፣ ታክሲ «ይኮኸራል»፣ ሕፃንም ከመዋያ «ይኮኸራል»። መጀመሪያ ቀን ጆሮሽን ትይዣለሽ።

የድሬ ልጅ

ሕፃን ከመዋያ?! ቡናዬ ኪቦርዱ ላይ ፈሰሰ።

ስለ አንቱ ያልከው ደስ አለኝ። እኛ ድሬ አንቱታ አይሆንልንም፤ አያቴን «አንተ ብላ እንጂ» ነበር የምላቸው፣ አዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ሊገርፈኝ ይደርስ ነበር። እነሮሳ ቮስ ሲሉኝ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ቤቴ የገባሁ የመሰለኝ።

ከቪክ

ሰላም። አማርኛዬ ትንሽ ነው፣ ይቅርታ። እየተማርኩ ነው።

እኔ የተወለድኩት ወላይታ ነው። በ2005 ቪክ መጣሁ። አምስት ዓመቴ ነበር። እናትና አባቴ ካታላን ናቸው። እንደ እኔ ብዙ ልጆች አሉ እዚህ። በጉዲፈቻ የመጡ። አሁን ኢትዮጵያ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ዘግታለች፣ በፈረንጅ 2018።

የእኔ ቋንቋ ካታላን ነው። በእሱ አስባለሁ፣ በእሱ እቆጣለሁ። ሱቅ ስገባ ግን በካስቴያኖ ያናግሩኛል። እኔ በካታላን እመልሳለሁ። እነሱ በካስቴያኖ ይቀጥላሉ። አንዳንዴ አምስት ደቂቃ እንዲህ እንሄዳለን። አንድ ሰውዬ «ካታላን በጣም ጎበዝ ነሽ! የት ተማርሽ?» አለኝ። «ቪክ» አልኩት። «አይ፣ ከዚያ በፊት» አለኝ።

ባርሴሎና ሐበሾች ሳገኝ ደግሞ «ቋንቋሽን ረሳሽ?» ይሉኛል። አማርኛ ማለታቸው ነው። እኔ ግን አማርኛ አልረሳሁም። አማርኛ አልነበረኝም። የረሳሁት ወላይትኛ ነው። የወላይትኛ ክፍል እዚህ አላገኘሁም። አማርኛ አገኘሁ፣ እሱን ጀመርኩ። ሁለት ቃል ብቻ አስታውሳለሁ፣ ትክክል ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም።

የድሬ ልጅ፣ ልጆችሽ በካታላን ሲያወሩ አትዘኚ። ግን አማርኛ አታቁሚባቸው።

ማታ ፓርኪንግ

ሳሮ፣ የኔ ልጅ። ሳሮ።

የወላይታ ሶዶ ልጅ ነኝ፤ ሳሮ በእኛ ሰላምታ ነው። አማርኛ የጀመርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፣ በኩርኩም። ሁለቱን ቃላት ጻፊያቸውና ልይልሽ።

ከቪክ

ሳሮ አንዱ ነው!

ሁለተኛውን በግል እልክልሃለሁ። አመሰግናለሁ።

ከኩዌት ባርሴሎና

እኔ ነኝ ካገኘኋቸው ልጆች አንዷን «ቋንቋሽን ረሳሽ» ያልኩት። አንቺን ይሁን ሌላዋን አላውቅም። ይቅርታሽን፣ የኔ ቆንጆ።

በ2023 የካታሎኒያ መንግሥት ያስጠናው ጥናት ላይ የዘወትር ቋንቋዬ ካታላን ነው ያለው ከነዋሪው ሲሶው ገደማ ብቻ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በፊት ወደ ግማሽ ይጠጋ ነበር። በየቴሌቪዥኑ ያለቀሱለት ነገር ነው። በካታላን የምትመልስላቸውን ልጅ ግን በካስቴያኖ ያናግሯታል።

የድሬ ልጅ (ከሦስት ወር በኋላ)

ጠፍቼ ነበር፣ ገብተናል። ባርሴሎና አጠገብ ሎስፒታሌት የምትባል ከተማ ነው ቤት ያገኘነው። እዚህ ሰፈር ከካታላን ይልቅ ካስቴያኖ ይሰማል፤ የድሮዎቹ ከአንዳሉሲያ የመጡ፣ የአሁኖቹ ከኢኳዶርና ከሆንዱራስ። ከሕንጻችን አሳንሰር ውስጥ «ስ» የሚባል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

በመጀመሪያ ምስጋና፦ በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱ መጣ። ያው ራሱ! ዲናር! ምሳውን በሁለት ሳጥን አሽጌ ሰጠሁት። ባለቤቴ ግን አላመነኝም፤ «ለማንኛውም» ብሎ አሥር ዩሮ ጨመረበት። ልጁ ምሳውን በልቶ፣ በብሩ ካርድ ገዝቶ መጣ።

ለሮሳ የላክሁትን ለእናንተም ልንገር። ጂሮና ለሽርሽር ሄደን አንድ ኬክ ቤት ገባን። መስታወቱ ውስጥ በዘይት የተጠበሰ፣ ክሬም የተሞላ፣ ስኳር የለበሰ ነገር አለ። የከተማው ታዋቂ ነው፤ በካታላን ሹሹ ይሉታል። ሳምንቱን ሙሉ ያጠናሁትን «ኡን ሹሹ፣ ሲ ኡስ ፕላው» አልኩ። ሰውየው ፊቴን አየ። ደግ ሰው ነው፣ ሊያግዘኝ ፈለገ። ወደ ካስቴያኖ ዞረና «ኡን ቹቾ?» አለኝ። እነሮሳ ጋ ቹቾ ውሻ ነው። «ክሬም ያለው ውሻ ትፈልጊያለሽ?» ተባልኩ እንግዲህ፣ ለእኔ ተብሎ በተቀየረ ቋንቋ። ሮሳ ድምፅ ቀድታ ላከችልኝ፤ ሳቅ ብቻ ነው፣ አርባ ሰከንድ።

ካታላን በሳምንት ሁለት ቀን እማራለሁ። ክፍሉ ውስጥ ከፓኪስታን፣ ከዩክሬን፣ ከሞሮኮ ሰው አለ። ከፔሩ የመጡት ሁለቱ ሴቶች እረፍት ላይ «ቋንቋቸውን ይዘን መጥተን ሌላ ያስተምሩናል» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ማንበቡ ላይ ግን ሁላችንንም ጥለውን ሄደዋል።

ቅዳሜ የሆነውን ነግሬያችሁ ልውጣ። አውቶብስ ማቆሚያ ቆመናል። ልጄ ኳሱን ተከትሎ ወደ መንገዱ ሮጠ፤ ደንግጬ ከአፌ የወጣው «ቬኒ ፓራ አካ፣ ሲፖቴ!» ነው። አንዲት ሴት፣ አንድ ሽማግሌ በዊልቸር ይዛ፣ ከፊቴ ቆማለች። አንገቷ ሊቀጭ እስኪደርስ ዞረች። «ቮስ፣ ከየት ነሽ? ከላ ሴይባ?» አለችኝ። የሆንዱራስ ሰው ናት፤ እዚህ ከመጣች ሁለት ወሯ። ላ ሴይባ የእነሱ የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው፤ ጋሪፉና የሚባሉ ጥቁር ሕዝቦች የሚኖሩበት። እኔ ለእሷ ጋሪፉና ነኝ። «ኢትዮጵያ» ስላት አላመነችኝም። «ታዲያ ሲፖቴ ማን አስተማረሽ?» «ሮሳ፣ የኢንቲፑካዋ።» ክንዴን ያዘች፣ አለቀቀችኝም።

አውቶብሱ ቀረ። ሽማግሌው ከዊልቸሩ ሆነው አንድ ነገር ደጋግመው ይላሉ፣ በካታላን። እሷም አልገባትም፣ እኔም የያዝኩት ግማሹን ነው፤ «ዶስ ኳርትስ ዴ ሲንክ» ይላሉ፣ የአምስት ሁለት ሩቦች። አምስት ሰዓት ነው ወይስ ሁለት? ልጄ ኳሱን በብብቱ ይዞ፣ «ማሚ፣ ሰዓት ነው። ወደ አምስት ከሚሄደው ሁለት ሩብ አልቋል ማለት ነው፣ ፎር ሰርቲ። ማክሰኞ ተምረናል» አለኝ። እኔም በሐበሻ አሥር ሰዓት ተኩል አደረግሁት፣ ከዚያ ለእሷ «አ ላስ ኳትሮ ኢ ሜዲያ፣ ቮስ» አልኳት።

አውቶብሱ የመጣው ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ነው።